በኒኬል የተለበጠ ፎም ሲጨመቅ መሃሉ ቀድሞ የሚደረመሰው ለምንድን ነው?

ፎም_ኒኬል (ጠያቂ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በብረት የተለበጠ ፎም የመጭመቅ ፍተሻ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ እርዱኝ።

ፎሙ ቀዳዳው ክፍት የሆነው ፖሊዩረቴን ነው፤ 20 ፒፒአይ (በአንድ ኢንች ርዝመት 20 ቀዳዳ)፣ ጥግግቱ 30 ኪሎግራም በኪዩቢክ ሜትር። በ40 ሚሊሜትር ኩብ ሲቆረጥ 1.9 ግራም ይመዝናል። መጀመሪያ ያለ ኤሌክትሪክ፣ በኬሚካል ብቻ፣ 1 ማይክሮን ገደማ ኒኬል ይይዛል። ከዚያ ዋትስ ሶሉሽን በሚባለው የተለመደ የኒኬል መለበጫ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፦ ኒኬል ሰልፌት 260፣ ኒኬል ክሎራይድ 45፣ ቦሪክ አሲድ 40 ግራም በሊትር፤ ፒኤች 4፤ ሙቀት 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ሳካሪንም ተጨምሮበታል። አኖዶቹ (ከረንት የሚገባባቸው ፖዘቲቭ ጫፎች) ሁለት ሲሆኑ ከኩቡ ግራና ቀኝ ቆመዋል። 4 አምፔር ለ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሰጠዋል። ታጥቦና ደርቆ ሲመዘን የኒኬሉ ድርሻ 13.7 ግራም ነው።

መጭመቂያው በ2.4 ሚሊሜትር በደቂቃ ይወርዳል። ኩቡ በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል ሳይጣበቅ ይቀመጣል፤ ስትሬኑን (ቁመቱ ከመቶ ስንት እንዳጠረ) የማሰላው ከክሮስሄዱ (ከማሽኑ ተንቀሳቃሽ ክፍል) እንቅስቃሴ ነው።

ያስቸገረኝ ይህ ነው። የስትረስ-ስትሬን ኩርባው የመጀመሪያ ስሎፕ (ግትርነቱ) 55 ሜጋ ፓስካል ብቻ ይወጣል፤ በስሌት ግን ከ300 በላይ መሆን ነበረበት። 0.35 ሜጋ ፓስካል ሲደርስ መሃል ላይ ያለው ረድፍ ይደረመሳል። ከዚያ ኩርባው እንደ መጋዝ ጥርስ እየተቆራረጠ ደረጃ በደረጃ ይወጣል እንጂ ሜዳማ ክፍል የሚባል ነገር አያሳይም። የትኛው የለበጣው ችግር ነው፣ የትኛውስ የፍተሻው? ፕላቶ (የኩርባው ሜዳማ ክፍል ስትረስ) ብዬ የምጽፈውስ የትኛውን ነው?


ለባጩ፦

መሃሉ ቀድሞ መደርመሱ የለበጣው ነው፤ በዚህ አልጠራጠርም።

ከረንት ወደ ፎሙ ልብ እንዳይደርስ የሚያግደው ሁለት ነገር ነው። በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ሶሉሽን ራሱ ኤሌክትሪክ ይቋቋማል፤ ስለዚህ አብዛኛው ከረንት ለአኖዱ ቅርብ የሆኑትን ዘንጎች (የፎሙን ቀዳዳዎች የሚከብቡትን ቀጫጭን እግሮች) ይመርጣል። ሁለተኛው የኒኬል አዮን እጥረት ነው። መሃል ያለው ሶሉሽን ካልተለዋወጠ አዮኑ ይመነምናል፤ በኒኬል ፈንታ ሃይድሮጅን መውጣት ይጀምራል፤ አረፋው ቀዳዳው ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀርና የተቀመጠበት ቦታ ሳይለበጥ ይቀራል።

አማካይ ከረንትህ መጥፎ አይደለም። ባለ 20 ፒፒአይ ፎም በኪዩቢክ ሜትር ወደ 1,200 ስኩዌር ሜትር የገጽ ስፋት አለው ብንል ያንተ ኩብ 7.7 ስኩዌር ዴሲሜትር ይሆናል። 4 አምፔር ለዚያ ሲካፈል 0.5 አምፔር በስኩዌር ዴሲሜትር ነው። ችግሩ አማካዩ ላይ ሳይሆን ክፍፍሉ ላይ ነው፤ ዳሩ ከአማካዩ በላይ ይበላል፣ መሃሉ ይራባል። አጠቃላይ ክብደቱ ይህንን አያሳይህም። 1 አምፔር-ሰዓት 1.095 ግራም ኒኬል ያወርዳል፤ ያንተ 13.3 አምፔር-ሰዓት 14.6 ግራም መስጠት ነበረበት፤ 13.7 ማግኘትህ 94 በመቶ ነው። በክብደት ጤናማ ሆኖ በስርጭት የታመመ ናሙና ማለት ነው።

ለማረጋገጥ አንዱን ኩብ መሥዋዕት አድርገው። ፓራፊን ሰም 70 ዲግሪ ላይ አቅልጠህ ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ሙላውና ይቀዝቅዝ። ከዚያ በዝግተኛ የአልማዝ ዲስክ፣ አኖዶቹ ወደነበሩበት ፊት ትይዩ አድርገህ፣ አምስት እኩል ቦታ ቁረጠው። ሰም ሳትሞላ ብትቆርጥ ዲስኩ ዘንጎቹን ያጣምማቸዋል፣ ፍርፋሪም ይወስዳል። ሰሙን በ80 ዲግሪ ሙቅ ውሃ አውጣና ቀሪውን በሄክሴን እጠበው፤ አሴቶን ፖሊዩረቴኑን ስለሚያሳብጠው አትጠቀም። አድርቀህ እያንዳንዱን መዝን፣ ከእያንዳንዱም የፎሙን ድርሻ 0.36 ግራም ቀንስ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ስትጨምቅ የአኖዶቹን አቅጣጫ ምልክት አድርገህበታል? አኖድ ከአኖድ በሚያገናኘው መስመር ከጨመቅኸው ወፍራሙና ቀጭኑ ንብርብር እላይና እታች ተደራርበው አንድ ዓይነት ኃይል ይሸከማሉ፤ ቀጭኑ ቀድሞ ይሄዳል። ኩቡን 90 ዲግሪ አዙረህ ብትጨምቀው ግን ንብርብሮቹ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ወፍራሞቹ ጭነቱን ይወስዱና ኩርባው ከፍ ብሎ ለስለስ ይላል። አንዱን በዚህ ሌላውን በዚያ እያስቀመጥክ ከሆነ ውጤትህ መበታተኑ አይቀርም። ከመለበጥህ በፊት አንዱ ጥግ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ እሰርበት፤ አቅጣጫውን መቼም አትስተውም።


ሎድ_ሴል፦

በለበጣው ጉዳይ ከለባጩ ጋር እስማማለሁ። ስሎፑ ግን በአብዛኛው የፍተሻው ነው።

በ55 ሜጋ ፓስካል ሲሰላ የኩቡ ግትርነት 55 በ1,600 ስኩዌር ሚሊሜትር ተባዝቶ ለ40 ሲካፈል 2.2 ኪሎ ኒውተን በሚሊሜትር ነው። የማሽንህን ግትርነት ለማወቅ ናሙና ሳታስገባ ሁለቱን ሰሌዳዎች እርስ በርስ እስከ 2 ኪሎ ኒውተን ጫናቸውና ስሎፑን አንብብ። 20 ኪሎ ኒውተን በሚሊሜትር ነው እንበል። ያንን ብታርም 2.2 የነበረው ወደ 2.47 ይወጣል፤ ስሎፕህም 62 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። ከ62 እስከ 300 ያለውን ክፍተት ማሽኑ አያብራራውም።

የሚያብራሩት የኩቡ ላይኛና ታችኛ ፊቶች ናቸው። እዚያ ያሉት ዘንጎች ተቆርጠው ጫፋቸው ነጻ ነው፤ ርዝመታቸውም እኩል አይደለም። ሰሌዳው መጀመሪያ የሚያገኘው ጥቂቶቹን ብቻ ነው፤ እነሱ ይጎብጣሉ፣ ከዚያ ሌሎቹ ይነካሉ። ክሮስሄዱ ይህን ሁሉ ስትሬን ብሎ ይቆጥረዋል።

መፍትሔው ማጣበቅ ነው። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው 45 በ45 የብረት ሰሌዳዎች ውሰድ፤ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክራቸውና በአልኮል ጥረጋቸው። ወፈር ያለ ኢፖክሲ በ1 ሚሊሜትር ውፍረት ቀባና ፎሙን አስቀምጥበት። ቀጭን ኢፖክሲ አትጠቀም፤ በዘንጎቹ ላይ ተስቦ ሁለትና ሦስት ሴል (የፎሙ ክፍተት) ድረስ ይወጣና ናሙናህን ያጠነክረዋል። ያለህ ቀጭን ብቻ ከሆነ እስኪወፍር ድረስ ታልክ ጨምርበት። 24 ሰዓት ይድረቅ፤ ከዚያ የሁለተኛውን ፊት አጣብቅ። ሰሌዳዎቹ ትይዩ መሆናቸውን በአራቱም ጥግ በካሊፐር ለካ።

ስትሬኑን ከናሙናው ራሱ ውሰድ። 20 ሚሊሜትር በተራራቁ ሁለት አንጓዎች (ዘንጎች የሚገናኙባቸው ነጥቦች) ላይ ቀጫጭን መርፌዎች በጠብታ ሙጫ ትከልና በካሜራ ቅረጻቸው፤ ለስሎፕ ይበቃል። የተቀባ ነጠብጣብ ሳያስፈልግ የፎሙ የራሱ ገጽታ ለምስል ንጽጽር ሶፍትዌር ጥሩ ምልክት ይሆናል፤ የትኛው ረድፍ መቼ እንደተደረመሰም አብሮ ይታይሃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የመጀመሪያውን የጭነት ስሎፕ የመለጠጥ ሞጁለስ (የቁሱ እውነተኛ ግትርነት) ብለህ አትጻፈው። አንዳንድ አንጓዎች ገና ከመጀመሪያው በፕላስቲክ መልክ፣ ማለትም ላይመለሱ፣ ይታጠፋሉ። የባለ ቀዳዳ ብረቶች መጭመቂያ ስታንዳርድ የሆነው አይኤስኦ 13314፣ የ2011 እትም፣ መልቀቂያ ዑደት ያዛል፤ ከፕላቶ ስትረስ 70 በመቶ ወደ 20 በመቶ ወርደህ መልሰህ ትወጣለህ፣ ስሎፑን ከዚያ ታነባለህ። ያንተ ናሙና ሜዳማ ክፍል እስኪኖረው ድረስ ከመጀመሪያው መደርመስ በታች፣ 0.25 ሜጋ ፓስካል ላይ ቆመህ ወደ 0.07 ልቀቀው።

መጠኑ ደህና ነው። ስታንዳርዱ እያንዳንዱ ጎን ቢያንስ የቀዳዳውን 10 እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃል። የዚህ ፎም ሴል እስከ 2.5 ሚሊሜትር ቢሆን 25 ሚሊሜትር ይበቃዋል። ወደ 10 ፒፒአይ ከሄድክ ግን 40 አይበቃም። ፍጥነትህም ልክ ነው፤ 2.4 በደቂቃ ለ40 ሚሊሜትር 0.001 በሰከንድ ነው።


ፎም_ኒኬል፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ምልክት አልነበረውም፤ የተቆረጠው ኩብ ላይ ግን አኖድ ያየው ፊት ሻካራ ስለሆነ በዓይን ይለያል።

አምስቱ ቁራጮች ላይ የተገኘው ኒኬል ከአንዱ አኖድ ወደ ሌላው 3.9፣ 2.1፣ 1.0፣ 2.0፣ 4.0 ግራም ነው። ድምሩ 13.0 ነው፤ ቀሪው 0.7 በዲስኩ ውፍረት ሄዷል። እያንዳንዱ ቁራጭ 7.6 ሚሊሜትር ነው።

ሌላ ኩብ አጣብቄ በመርፌ ለካሁት። ከአኖድ ወደ አኖድ ባለው አቅጣጫ በመልቀቂያው ዑደት 190 ሜጋ ፓስካል አግኝቻለሁ። የመጀመሪያው መደርመስ ግን አሁንም 0.36 ላይ ነው። ስሎፑ ይህን ያህል ሲስተካከል ጥንካሬው ፈቀቅ ያላለው ለምንድን ነው?


አንጓ፦

ግትርነትና ጥንካሬ ከአንድ ናሙና ውስጥ የተለያየ ነገር ስለሚያነብቡ ነው። ንብርብሮች ሲደራረቡ ግትርነት የሁሉንም መተጣጠፍ ይደምራል፤ ጥንካሬ ግን የሚሰማው የደካማውን ብቻ ነው። በቁጥርህ እናስላው።

የ7.6 ሚሊሜትሩ ቁራጭ 12.2 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። የኒኬል ጥግግት 8.9 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስለሆነ የኒኬሉ የይዘት ድርሻ ዳር ላይ 3.6 በመቶ፣ ቀጥሎ 1.9፣ መሃል 0.9 በመቶ ይሆናል። ፎሙ ብቻውን 2.5 በመቶ ጠጣር ነው፤ የገጽ ስፋቱ 1,200 ከሆነ ዘንጉን እንደ ክብ ብንወስደው ራዲየሱ ሁለት ጊዜ 0.025 ለ1,200 ሲካፈል፣ 42 ማይክሮን ነው። ከዚህ የኒኬሉ ውፍረት ዳር ላይ 24፣ ቀጥሎ 14፣ መሃል 7 ማይክሮን ይወጣል። በእርግጥ የዘንጉ ቅርጽ ባለ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ግምት ነው፤ ለንጽጽር ግን ያገለግላል።

የፎምን ግትርነትና ጥንካሬ ከጠጣሩ ድርሻ የሚያሰላው የጊብሰንና አሽቢ ሕግ ለድፍን ዘንግ የተጻፈ ነው፦ ግትርነት የኒኬሉ ሞጁለስ በድርሻው ስኩዌር ተባዝቶ፤ ጥንካሬ 0.3 በይልድ ስትረስ (ብረቱ ላይመለስ መታጠፍ በሚጀምርበት ስትረስ) በድርሻው 1.5 ፓወር ተባዝቶ። ያንተ ዘንግ ግን ቱቦ ነው፤ ብረቱ ሁሉ ከመሃሉ ርቆ ስለተቀመጠ በዚያው ክብደት ይበልጥ መታጠፍን ይቋቋማል። በ2.4 በመቶ አማካይ ድርሻ የቱቦነቱ ጥቅም ለግትርነት 3.1 እጥፍ፣ ለጥንካሬ 1.9 እጥፍ ነው። ሞጁለሱን 200 ጊጋ ፓስካል፣ ይልዱን 500 ሜጋ ፓስካል ብንወስድ ሽፋኑ እኩል የተሰራጨ ናሙና 355 ሜጋ ፓስካል ገደማ ግትርነትና 1.04 ሜጋ ፓስካል ጥንካሬ ይኖረው ነበር። አንተም 300 በላይ ያልከው ይህንኑ ይመስለኛል።

አሁን በየንብርብሩ፦ ግትርነትና ጥንካሬ ዳር 630 እና 1.7፤ ቀጥሎ 260 እና 0.8፤ መሃል 109 እና 0.36 ሜጋ ፓስካል። አምስቱን ደራርበህ ስትደምር ግትርነቱ 250 ይሆናል። ስለዚህ ያልተስተካከለው ውፍረት ከግትርነቱ የወሰደው ሲሶውን ገደማ ነው፤ ከጥንካሬው ግን ሁለት ሦስተኛውን ወስዷል። 190 መለካትህ ለተፈጥሮ ፎም መልካም ነው፤ የጎበጡና የተጣመሙ ዘንጎች ሁልጊዜ ከስሌቱ ያወርዱታል። 0.36 መግጠሙን ግን ብዙ አትመካበት፤ 500 ያልኩት ግምት ነው፤ ጥንካሬው ከይልዱ ጋር እኩል ይወጣል ይወርዳል።

ደረጃ በደረጃ መውጣቱም እዚሁ አለ። መሃሉ በ0.36 ይጨፈለቃል፤ ሲጠጋጋ ጭነቱ ወደ 0.8 ይወጣና ሁለቱ ጎረቤቶቹ ይሄዳሉ፤ በመጨረሻ ዳሮቹ። ከ20 እስከ 30 በመቶ ስትሬን ያለውን የስትረስ አማካይ ወስደህ ፕላቶ ብትለው የመሃሉን መጠጋጋትና የቀጣዮቹን መጀመሪያ የቀላቀለ ቁጥር ነው፤ ቁሳቁሱን አይወክልም። በዚህ ናሙና ላይ የመጀመሪያውን ጉብታ ለብቻ፣ እስከ 50 በመቶ ስትሬን ከኩርባው ሥር ያለውን ስፋት (የዋጠውን ኃይል) ለብቻ ጻፍ፤ የየንብርብሩን ክብደትም አብረህ አስቀምጥ።

በዚያው አጋጣሚ፣ ሽፋኑን ለማሳሳት የምታስብ ከሆነ ገደብ አለው። የውፍረትና የራዲየስ ጥምርታ ከ0.015 አካባቢ በታች ሲወርድ የቱቦው ግድግዳ ይልድ ከማድረጉ በፊት ይጨማደዳል፤ ለዚህ ዘንግ ያ ከ1 ማይክሮን በታች ነው። ከዚያ በታች ከላይ ያሉት ቀመሮች አይሠሩም።


ለባጩ፦

ዳርና መሃል አራት ለአንድ ነው፤ ይሻሻላል። በመጀመሪያ ፓምፕ። ሶሉሽኑ በፎሙ ውስጥ አልፎ እንዲወጣ ኩቡን ልክ በሚይዘው የፕላስቲክ ፍሬም ውስጥ አስገባና በቱቦ ንዳው። ገንዳውን በማማሰያ ብታሽከረክረው ሶሉሽኑ ቀላሉን መንገድ ይዞ ኩቡን ዞሮ ያልፋል፤ ውስጡ አይደርስም። ቀጥሎ ከረንቱን ወደ 2 አምፔር አውርደህ ሰዓቱን እጥፍ አድርግ። ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት ከ0.1 እስከ 0.5 ግራም በሊትር ብትጨምር አረፋው በቀላሉ ይለቃል። የከረንት መያዣህ አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ከሆነ ቀይረው፤ 1 ማይክሮኑ የመጀመሪያ ሽፋን ከረንት በደንብ አያሳልፍም፣ ስለዚህ አራቱንም ጠርዝ በመዳብ ሽቦ ክበበው። ውፍረቱ ለሥራህ ግድ ካልሆነ ደግሞ 40ውን ትተህ 25 ሚሊሜትር አድርገው፤ ከሁሉም የበለጠ የሚረዳው ይህ ነው። ሁለት ቀጭን ለብጦ መደራረብ ግን አይሆንም፤ መጋጠሚያቸው አዲስ ደካማ ንብርብር ነው።

ስታጥብ አትቸኩል። ቦሪክ አሲድ መሃል ላይ ደርቆ ይቀርና በሚዛን ላይ ኒኬል ይመስላል። በሙቅ የተጣራ ውሃ ደጋግመህ እጠብና 60 ዲግሪ ላይ በቫክዩም አድርቅ።

የመጋዝ ጥርሱ ነገር ከስርጭቱ የተለየ ነው። ደረጃው የንብርብሮቹ ነው፤ በየደረጃው ላይ ያሉት ትናንሽ መውደቆች ግን የሽፋኑ መሰንጠቅ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ለመለየት አንዱን 10 በመቶ ላይ አቁምና አውጣው። ታችኛው ሰሌዳ ላይ ግራጫ ብናኝ አለ? ማግኔት አስጠጋበት። ከተነሳ ኒኬል ነው። ከዚያ በ50 እጥፍ ማይክሮስኮፕ አንጓዎቹን ተመልከት፤ ዘንጉ ከአንጓው በሚነሳበት፣ በተወጠረው ጎን፣ ቀጥ ያለና ጠርዙ ሹል የሆነ ስንጥቅ ካለ ሽፋኑ ተሰባሪ ነው። ታጥፎ የተሸበሸበ ከሆነ ግን ይለጠጣል ማለት ነው፤ መውደቆቹም የረድፍ መደርመስ ብቻ ናቸው።

ተሰባሪ ከሆነ ሳካሪኑን አውጣ። የኒኬሉን እህል (ጥቃቅን ክሪስታሎቹን) ያደቅቃል፣ ሽፋኑን ያጠነክረዋል፣ ድኝም ይጨምርበታል። ያለ ኤሌክትሪክ የተያዘው የመጀመሪያው ሽፋን ፎስፎረስ አለበት፤ የሚለጠጠው 1 በመቶ ገደማ ነው፣ ቀድሞ ይሰነጠቅና ስንጥቁን ወደ ወፍራሙ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ከ1 ማይክሮን አታሳልፈው። ለስላሳ ኩርባ ዋናው ግብህ ከሆነ የሰልፋሜት ሶሉሽን ከዋትስ ያነሰ ውስጣዊ ውጥረት ይሰጣል፤ ኒኬል ሰልፋሜት ከ300 እስከ 450፣ ቦሪክ አሲድ ከ30 እስከ 45 ግራም በሊትር፣ ፒኤች 4፣ 50 ዲግሪ።


ፎም_ኒኬል፦

ብናኙ አለ፣ ማግኔቱም አነሳው። ሳካሪን የሌለበት አዲስ ሶሉሽን አዘጋጃለሁ። ፖሊመሩን (ፖሊዩረቴኑን) አቃጥዬ ኒኬሉን በሙቀት ባለሰልሰውስ? ግትርነቱ ይወርዳል?


አንጓ፦

ግትርነቱ አይወርድም። የጠጣሩ ፖሊዩረቴን ሞጁለስ ከኒኬሉ ጋር ሲነጻጸር ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ፖሊመሩ የሚጠቅመው ኒኬሉ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው፤ ቁርጥራጮቹን አያይዞ ይዞ ጭነቱ በአንዴ እንዳይወድቅ ያደርጋል፣ ስትለቀውም ናሙናውን በጥቂቱ መልሶ ይገፋዋል። ሲለሰልስ የሚቀየረው ይልዱ ነው፤ እህሉ ስለሚያድግ ጥንካሬው ጎልቶ ይወርዳል፣ ኩርባው ግን ይለሰልሳል። የባትሪ ኒኬል ፎም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ይለበጣል፣ ፖሊመሩ ይቃጠላል፣ ከዚያ ሃይድሮጅን ባለበት ምድጃ ይለሰልሳል።


ለባጩ፦

በሳካሪን የለበጥካቸውን ግን ምድጃ ውስጥ አታስገባ። ድኙ በሙቀት ወደ እህሎቹ ድንበር ይሰበሰብና ይለሰልሳል ያልከው ኒኬል በእጅ የሚፈረፈር ይሆናል። ከአዲሱ ሶሉሽን የሚወጡትን ብቻ አስገባ። ሲቃጠልም በጥብቅ የጭስ መሳቢያ ሥር ይሁን፤ ከፖሊዩረቴን ሃይድሮጅን ሳያናይድና አይሶሳያኔት ይወጣል፣ ተራ ጭንብል አያቆመውም። ክፍት አየር ውስጥ ከተቃጠለ ኒኬሉ ኦክሳይድ ይይዛል፤ ሃይድሮጅን ያለው ምድጃ ከሌላችሁ ፖሊመሩን ውስጡ ተዉትና የተለበጠውን እንዳለ ፈትኑት።